ማረሻ ሠሪዎቹ የኖሩባት ወለቃ

እስቲ የምታርሱበትን ዕቃ አስቡት። ሞፈሩ እንጨት ነው። ቀንበሩም፣ ድግሩም፣ እርፉም እንጨት ነው። ይህን ሁሉ ገበሬ ራሱ ጠርቦ ያበጀዋል። ማረሻው ግን ብረት ነው። ወገሉም ብረት ነው። ታዲያ ብረቱን ማን ሠራው? ከገበያ ገዛነው ትሉ ይሆናል። ገበያ ያወጣውስ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በፊት በጎንደር አገር ለሚኖር ገበሬ ብታቀርቡለት፣ ብዙ ጊዜ መልሱ «ቤተ እስራኤሎች ናቸው» የሚል ነበር። ማረሻውን እነሱ ይቀጠቅጡታል። ማጭዱንም፣ መጥረቢያውንም እነሱ ይሠሩታል። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ፣ ቡና የሚፈላበትን ጀበና ደግሞ ሴቶቻቸው ያበጁታል። ማረሻ የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች ራሳቸውም ገበሬዎች ነበሩ። የሚያርሱት መሬት ግን የራሳቸው አልነበረም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለነሱና ስለ አንዲት መንደራቸው ነው።

መንደሪቱ ወለቃ ትባላለች። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ትገኛለች። ከከተማው ጫፍ ለተነሣ እግረኛ ሩቅ አይደለችም። እኔ በክረምት ፊደል የማስቆጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በጥር ወር፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ወርጄ አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ዋልሁ።

መንገዱ ዳር ትንንሽ መደቦች አሉ። በመደቦቹ ላይ ከሸክላ የተሠሩ አንበሶች፣ ርግቦች፣ እንስራ የተሸከሙ ሴቶች ተደርድረዋል። ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ የተቀረጸባቸውም አሉ። ይህ ኮከብ የአይሁድ ምልክት ነው። ለጎብኚ ተብሎ የተጻፈው ምልክት «ፈላሻ መንደር» ይላል። ይህን ስም ግን ሰዎቹ አይወዱትም። ፈላሻ ማለት የፈለሰ፣ አገር የሌለው እንደማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። እኛም እንዲሁ እንበላቸው።

ከመንገዱ ገባ ሲባል ከመሬት ከፍ ያለች አንዲት ትንሽ ቤት አለች። የጸሎት ቤታቸው ነበረች። ቤተ እስራኤሎች የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል። የእስላሞች መስጊድ አይደለም፤ ቃሉ «ሰገደ» ከሚለው የመጣ ነው፤ መስገጃ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ የሚሰግድ ሰው አላየሁም።

ቤተ እስራኤሎች ከየት መጡ? ስለዚህ ነገር ብዙ ይባላል። ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡ ናቸው የሚል አለ። ከእስራኤል ነገዶች አንዱ የዳን ዘር ናቸው የሚልም አለ። እዚሁ አገር የኖሩ፣ ኦሪትን አጥብቀው የያዙ ሰዎች ናቸው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንትም አሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ለኛም ዛሬ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። በስሜን፣ በደምብያ፣ በወገራ ለብዙ መቶ ዓመታት መኖራቸው የታወቀ ነው። መጽሐፋቸው ኦሪት ነው። የሚያነቡትም በግዕዝ ነው። የሃይማኖት መሪያቸውም ቄስ ይባላል።

ለእኛ ዋናው ነገር የመሬቱ ጉዳይ ነው። እናንተ የመሬትን ነገር ከኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዐፄ ይስሐቅ ነገሡ። ከቤተ እስራኤሎች ጋርም ተዋጉና አሸነፉ። ሲነገር እንደቆየው፣ ከድሉ በኋላ አንድ ትእዛዝ ወጣ። የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፤ ያልተጠመቀ ርስቱን ይልቀቅ የሚል ነው። ርስት ማለት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ መሬት መሆኑን ታውቃላችሁ። ርስት ያለው ሰው ማንም አያስነሣውም። ርስት የሌለው ግን የሰው መሬት አራሽ ነው፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል።

መሬቱ በአንድ ቀን ሁሉ አልተወሰደም። በስሜን ተራሮች ያሉት ከዚያ በኋላም ለ200 ዓመት ያህል እየተዋጉ፣ በገዛ መሪዎቻቸው እየተዳደሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ኃይላቸው ተሰበረ። ከዚያ የሱስንዮስ ልጅ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ከተማ ሲሠራ ግንበኛና አናጢ ያስፈልጋል፤ ብረት ሠሪም ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤሎች ለዚህ ሥራ ተፈለጉ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በእጅ ሥራቸው ሹመትና መሬት ያገኙም ነበሩ። ጎንደር ሄዳችሁ ግንቡን ስታዩ፣ ከደከሙበት እጆች መካከል የነሱም እንዳሉበት አስቡ። የነገሥታቱ ኃይል ሲደክም ግን ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ግንበኛውም ወደ ሰው ማሳ ተመለሰ።

እንዲህ ሆኖ እስከ እኛ አባቶች ዘመን ደረሰ። አብዛኞቹ ጭሰኞች ነበሩ። ካረሱት እህል ለባለመሬቱ ሲሶ ይሰጣሉ፤ እኩሌታውን የሚሰጡም ነበሩ። አንድ ሰው አሥር ቁና ጤፍ አገኘ እንበል። እኩል አራሽ ከሆነ አምስቱን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። ከቀረው አምስት ላይ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል። ልጆቹን ምን ያበላል? ስለዚህ በበጋ ወናፉን አውጥቶ ብረት ይቀጠቅጣል። አንዳንዱም ሸማ ይሠራል። ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። የጎደለውን እህል የሚሞላው ይህ የእጅ ሥራ ነበር። ማረሻውን በእህል የሚለውጥ ብዙ ነው።

የእርሻቸው አያያዝ ከእናንተ አይለይም። በበሬ ያርሳሉ፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ ይዘራሉ፤ ላምና በግ ያረባሉ። የሚለየው ሰንበቱ ነው። ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ውኃው ተቀድቶ፣ እንጨቱ ተለቅሞ፣ ምግቡ በስሎ መቀመጥ አለበት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እሳት አይነድም። ቡናም አይፈላም። ቅዳሜ ለሰንበት የተጋገረውን ዳቦ ይዘው መስጊድ ይሄዳሉ። ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል። የቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ እሳት ይጫራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቁጠሩ። ክርስቲያኑ ጎረቤት እሑድ አያርስም። ቤተ እስራኤሉ ቅዳሜ አያርስም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ቢቀናጁ፣ በሳምንት አብረው የሚያርሱበት አምስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የየወሩን በዓል ቀንሱ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ፋታ ሲሰጥ፣ ጤፍ ሊዘራ የቸኮለ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በዓሎቻቸውም ከእህል ጋር የተያያዙ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ቀን ቆጥረው የሚያከብሩት በዓል ማእረር ይባላል። ማእረር መከር ማለት ነው። በፋሲካ ሰሞን እርሾ ያለበት አይበሉም፤ ቂጣ ነው የሚበሉት። ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠሩ እንደነበርም ይተርካሉ። ድስት መግዛት ለሚከብደው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ለነሱ ግን ሸክላ ከገዛ እጃቸው የሚወጣ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ደግሞ ሥግድ አለ። ያን ቀን ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ላይ ይወጣሉ። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይሰግዳሉ። ከሰዓት በኋላ ወርደው ይበላሉ፤ ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። ወለቃ ዛሬም ሸክላ ይሠራል። የሚሠሩት ግን ቤተ እስራኤሎች አይደሉም። አብዛኞቹ እነሱ ሲሄዱ የቀሩት ጎረቤቶቻቸውና የጎረቤቶቻቸው ልጆች ናቸው። አንዲት እናት አፈር ሲፈጩ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ይህን ሥራ ከማን ተማሩ?» አልኋቸው።

«ከነሱው ነው እንጂ ከማን እማራለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «አጥሩ ላይ ሆኜ እያየሁ ነው የተማርሁት። ያኔ እንኳ መሥራቱ መንካቱም ነውር ነበር።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥሩው አፈር ተቆፍሮ ይመጣል። ፀሐይ ላይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ይነፋል። የተሰበረ ሸክላም ተፈጭቶ ይጨመርበታል። ይህ ገል ባይጨመርበት ሸክላው እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ በውኃ ተለውሶ ይቦካል። ቅርጹ በእጅ ነው የሚወጣው፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ከወጣ በኋላ በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት ይፈነዳል። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። በመጨረሻም በኩበትና በጭድ ተከምሮ ይቃጠላል። ቃጠሎው ነፋስ ባለበት ቀን አይሆንም። እኔ በሄድሁበት ቀን ነፋስ ስለነበረ ቃጠሎውን ሳላይ ተመለስሁ። ምጣድ ከሆነ ገዝታችሁ ቤት ስትወስዱት ታሟሹታላችሁ፤ እሱን እናቶች ታውቃላችሁ፤ እኔ አላስተምራችሁም።

ለምን ነበር ነውር የሆነው? እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው «ቡዳ ነው» ይባል ነበር። ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። ልጅ ታመመ? የሚያዩት ቀጥቃጩን ነው። ላም ነጠፈች? ሸክላ ሠሪዋ አይታት ነው ይላሉ። በዚህ ሐሜት የተደበደበ ሰው አለ፤ ከመንደር የተባረረም አለ። እኔ ሳድግ ይህን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም።

ሰው ጅብ አይሆንም። ልጅን የሚገድለው ወባ ነው፤ ተቅማጥ ነው፤ ኩፍኝ ነው። የላም ወተትን የሚያደርቀው በሽታና የመኖ እጥረት ነው። እንዲያውም አስቡት፤ ቀጥቃጩ ቡዳ ከሆነ፣ የሠራውን ማረሻ ለምን ማሳችሁ ውስጥ ታስገቡታላችሁ? ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ከሆነች፣ በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ እንዴት ልጆቻችሁ ይበሉታል? ሥራውን ወደን ሠራተኛውን መጥላት ምን ዓይነት ነገር ነው? መሬት እንዳይኖረው ከለከልነው፤ መሬት ስለሌለው ብረት ቀጠቀጠ፤ ብረት ስለቀጠቀጠ ጅብ ነህ አልነው። ነገሩ እንዲህ የዞረ ነበር።

እነሱም በበኩላቸው ይጠነቀቁ ነበር። ሕጋቸው የማያምን ሰው ከነካቸው ታጠቡ ይላል። ስለዚህ መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ነው የሚሠሩት። ጎረቤትም «አትንኩን» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። የአራስና የወር አበባ ጊዜ ሴቶች የሚቀመጡበት ጎጆም ለብቻው ነው፤ የመርገም ጎጆ ይባላል። የዚያን ጎጆ ስም እኔ አልወደድሁትም። አንዳንድ ሴቶች ግን ከወፍጮና ከእንጨት ሸክም የሚያርፉበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር ብለው ያወራሉ።

ከዚህች ትንሽ መንደር የወጣ አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ያዙልኝ። አቶ ዮና ቦጋለ ይባላሉ። የተወለዱት ወለቃ ነው። በ1897 ዓ.ም. ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል አንድ የአይሁድ ምሁር ከአውሮፓ ወደ ጎንደር አገር መጥቶ ነበር። ከዚያም ተመላልሶ እየመጣ የቤተ እስራኤል ልጆችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ወሰደ። ዮና ቦጋለ ከነዚያ አንዱ ናቸው። በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው አገራቸው ተመለሱ። በትምህርት ሚኒስቴርም ሠሩ። በኋላም ለቤተ እስራኤል መንደሮች ትምህርት ቤቶች ደከሙ። የበዓላትን ቀን የሚያሳይ መቁጠሪያም እያዘጋጁ ለየመንደሩ ይልኩ ነበር። ሸለቆ ለሸለቆ የተበተኑ መንደሮች በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነው። በመጨረሻ ወደ እስራኤል ሄደው በ1970ዎቹ ማለቂያ ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲያርስ ተፈቀደ። ለቤተ እስራኤል ይህ ምን ማለት እንደነበር ልብ በሉ። ከ500 ዓመት በላይ «ያልተጠመቀ ርስት የለውም» ሲባል ኖሯል። አሁን ግን አዋጁ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ለሚያርስ ሁሉ መሬት ፈቀደ። የገበሬ ማኅበር አባል ሆነው ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ነገር ግን ደስታው አልሰነበተም። መሬታቸውን ያጡ ባለርስቶች ተቆጡ። ቂማቸውን የተወጡትም ደካማው ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. በጎንደር ምዕራብና ሰሜን ጦርነት ነደደ። ከአዋጁ በፊት መሬት ፍለጋ ወደ ሰቲት ሁመራ ቆላ ወርደው ሰሊጥና ጥጥ ማልማት የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ፤ እነሱም ተበተኑ። ቀጥሎ ወጣቱ ለጦር ሜዳ ይመለመል ጀመር። ድርቅም መጣ። በሌላ በኩል በ1967 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤሎች አይሁድ ናቸው፣ መግባትም ይችላሉ ብሎ ተቀብሏቸው ነበር። የኢየሩሳሌም ናፍቆት ድሮም ነበር፤ አሁን ግን መንገዱ የተከፈተ መሰላቸው።

እንግዲህ እህል አጭደው፣ ከብት ሸጠው፣ ወይም ሁሉንም ትተው ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። ብዙዎቹ የሄዱት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ነው። በበረሃው መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በምሥጢር በአውሮፕላን ከ6,000 በላይ ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወሬው ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ። ልጅ እዚያ፣ እናት እዚህ ቀሩ። የቀሩት በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተሳፈረ። ወለቃም እንዲሁ ባዶ ሆነች።

መሬት ባገኙ በ16 ዓመታቸው ሄዱ ማለት ነው። ለምን ሄዱ ብዬ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠየቅሁ። ድሮ ጎረቤታቸው ነበሩ።

«አባባ፣ መሬቱን ካገኙ በኋላ እንዴት ትተውት ይሄዳሉ?»

«መሬት ሰጠናቸው እንጂ መች ጎረቤት አልናቸው» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «የነሱ ልብ ድሮም ኢየሩሳሌም ነበር» አሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ዛሬ የወለቃን ማሳ ሌሎች ያርሱታል። ማረሻውም ከጎንደር ገበያ ይገዛል። ጎብኚ የቀነሰ ጊዜ የሸክላ አንበሳ የሚገዛ የለም፤ ምጣድና ጀበና ግን ምንጊዜም ይሸጣል። እማማ የነገሩኝም ይህንኑ ነው፤ አንበሳው የጌጥ ነው፤ ምጣዱ የጉሮሮ ነው።

በእስራኤል አገር ዛሬ ከ150,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ እዚያ የተወለዱ ናቸው። ሥግድም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ፣ በፎቅ ቤት ነው። ልጆቻቸው ወታደር፣ ነርስ፣ መምህር፣ የሕግ ባለሙያ ሆነዋል። ከጎንደር በሬያቸውን ሸጠው የሄዱት አባቶች ግን የሚያርሱት ማሳ አላገኙም። በአንዳንድ ከተሞች በፎቆቹ መካከል ለሽማግሌዎች ትንሽ የአትክልት ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት ዶማቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ጎመን፣ በቆሎና ቃሪያ ይተክላሉ።